ሲያማትብ ክርኑ የሚነሣው ልጅ

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የምጽፍልዎ ከሞጣ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። የበኩር ልጄ በመጪው ጥር አራት ዓመት ይሞላዋል። ሲወለድ ክብደቱ አራት ኪሎ ተኩል ነበር፤ ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ ትከሻው ተያዘና አዋላጆቹ ብዙ ታገሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኝ ክንዱ ዛለ። ‹ነርቭ ተለጥጦ ነው፤ በራሱ ይመለሳል› ብለው ሸኙን። እውነትም ጣቶቹ ቶሎ ጨበጡ፤ ክርኑም ስድስት ወር ካለፈው በኋላ መታጠፍ ጀመረ። ትከሻው ግን እንደታሰረ ቀረ። እጁ ወደ ሆዱ ዞሮ ይውላል። ሲያማትብ ክርኑ ወደ ላይ ስለሚነሣ የሰፈር ልጆች ‹እምቢልታ ነፊው› ይሉታል። በግራ እጁ ሲበላ አያቱ ይቆጡታል። አማቴ ወጌሻ ይየው ይላሉ። በመስከረም ባሕር ዳር ወስደነው ሐኪሙ ጅማት የማዛወር ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ ባይቆይ ይሻላል አሉን። ባለቤቴ ገበሬ ነው፤ ‹ልጄን የሐኪም መለማመጃ አላደርገውም፤ ስምንት ዓመት ይሙላውና በገዛ አፉ ይወስን› ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኔ መካከል ላይ ቀረሁ። አሁን ደግሞ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ያው ነገር እንዳይደገም እየሠጋሁ ነው። ምን ይመክሩኛል? የልጁ እናት፣ ጥቅምት።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለተኛውን ያነበብሁት «እምቢልታ ነፊው» የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው። ልጆች ምላሳቸው ጨካኝ ነው፤ ዓይናቸው ግን አይስትም። በፊዚዮቴራፒ ሙያ ያለን ሰዎችም ይህን ምልክት የምንጠራው በመለከት ነፊ ነው። ክንዱ ወደ ውጭ መዞር ያቃተው ልጅ እጁን ወደ አፉ ወይም ወደ ግንባሩ ለማድረስ ክርኑን ሽቅብ ማንሣት ግድ ይሆንበታል። የሰፈርሽ ልጆች በሜዳ ላይ የደረሱበትን እኔ ለማወቅ ኮሌጅ መግባት ነበረብኝ።

ቢላ የምይዘው እኔ አይደለሁም። የእኔ ሥራ ከቢላው በፊትና ከቢላው በኋላ ነው፤ ልጁ ከመታከሙ በፊት ክንዱን ማፍታታት፣ ጀሶው ከተፈታ በኋላ ደግሞ ማስተማር። ስለዚህ የባሕር ዳሩን ሐኪም ቃል ልሽር ወይም ላጸድቅ አልችልም። ልጁን አላየሁትም። የምነግርሽ ምን መጠየቅ እንዳለብሽና መልሱን ስትሰሚ ምን ማለት እንደሆነ ነው።

ከባለቤትሽ ልጀምር። ልጁ ስለ ገላው የራሱ ቃል ይኑረው ማለቱ መልካም አባት ያሰኘዋል፤ በዚህ አልከሰውም። የሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትከሻው እስከ ስምንት ዓመት ባለበት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ መስሎታል። ትከሻ ደግሞ አይጠብቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንገት አምስት የነርቭ ሥሮች ይወጡና እርስ በርስ ተጠላልፈው ወደ ክንድ ይወርዳሉ። የላይኞቹ ሁለቱ ትከሻን የሚያነሡትን፣ ክንድን ወደ ውጭ የሚያዞሩትንና ክርንን የሚያጥፉትን ጡንቻዎች ያዛሉ። በወሊድ ጊዜ ትከሻ ከእናቲቱ የዳሌ አጥንት ሥር ተይዞ አንገት ወደ ጎን ሲለጠጥ መጀመሪያ የሚጎዱት እነዚሁ የላይኞቹ ናቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ዊልሄልም ኤርብ በ1874 እ.ኤ.አ. ጉዳቱ የት ላይ እንደሆነ አጥርቶ ስለጻፈ ሕመሙ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩት ጡንቻዎች ግን ከታችኞቹም ሥሮች ትእዛዝ ስለሚደርሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ። አንደኛው በሬ ጎበዝ፣ ሌላው ከሲታ ሆነው ቢጠመዱ ቀንበሩ ወዴት እንደሚጣመም ባለቤትሽ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። የልጃችሁ ክንድ ወደ ሆዱ ዞሮ የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ይደር» ቢባል ብዙም አልከራከርም ነበር። ችግሩ ሕፃን ልጅ ላይ መጋጠሚያው ገና ያልተተኮሰ ሸክላ መሆኑ ነው። የክንድ አጥንት ጫፍ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት የትከሻ ጎድጓዳ ቅርጹን የሚይዘው ክቡ ጫፍ በመካከሉ እየተሽከረከረ ሲያድግ ነው። ጎበዙ በሬ ያለማቋረጥ ወደ ውስጥ ሲስበው ያ ክብ ጫፍ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ጎድጓዳውም በኋላ በኩል እየተሸረፈ ይሄዳል፤ ሲብስ ክቡ ከቦታው ይወጣል። በአንዳንድ ልጆች ይህ የሚጀምረው አንደኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ነው። በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት ዓመት ክቡን ወደ ቦታው መልሶ ኃይሉን ማመጣጠን ከተቻለ ጎድጓዳው ራሱን የማስተካከል ዕድል አለው። ሸክላው ከተተኮሰ በኋላ ያ ዕድል እየጠበበ ይመጣል።

እንግዲህ ባለቤትሽን በክርክር አትርቺው። በእጁ ይየው። ማታ ልጁ ታጥቦ ሰውነቱ ሲሞቅ በጀርባው አስተኙት። ሁለቱንም ክርኖቹን ከጎድኑ ጋር አስጠግታችሁ እጠፉና ክንዶቹን እንደ ባለ ሁለት ተከፋች በር ወደ ውጭ ክፈቱ። ግራው ተከፍቶ ወደ ፍራሹ ይወርዳል። ቀኙ የት ላይ ነው የሚቆመው? ትንሽ ይከፈታል፣ ወይስ እጁ ወደ ኮርኒሱ እንደተቀሰረ ይቀራል? አትግፉት፤ በቆመበት ተዉት። ልጁ ራሱ የሚያደርገውን መንቀሳቀስ ትታችሁ እናንተ ስትከፍቱለት እንኳን የማይከፈት ከሆነ ነገሩ የጡንቻ ድካም ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ጡንቻው አጥሯል፣ ምናልባትም መጋጠሚያው ተለውጧል። አባት በእጁ ያየውን በር ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ወደ ሐኪሙ ስትመለሱ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይህ ይሁን፤ «መጋጠሚያው በምን ሁኔታ ላይ ነው? በምንስ አያችሁት?» በዚህ ዕድሜ የትከሻው ትልቅ ክፍል ገና ልም አጥንት ስለሆነ ተራ ራጅ ብዙ አያሳይም። በጨቅላዎች ላይ አልትራሳውንድ ይረዳል፤ እንደ ልጅሽ ያደጉት ላይ ኤምአርአይ ይሻላል። የመጋጠሚያው ምስል ሳይታይ ጅማቱ ይዛወር ከተባለ፣ በአክብሮት፣ ግን ደግመሽ ጠይቂ። ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደሚሠራ የሚወስነው ምስሉ ነውና።

«ቀዶ ሕክምና» ሲባል አንድ ነገር ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንደኛው ያጠረውን ማላቀቅ ነው። በጠፍጣፋው የትከሻ አጥንትና በጎድን መካከል የተደበቀ አንድ ጡንቻ አለ፤ በሩን ዘግቶ የያዘው በዋናነት እርሱ ነው። እርሱን ከተጣበቀበት ያላቅቁታል ወይም ጅማቱን ያስረዝሙታል፤ ይህ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶም ይሠራል። ሁለተኛው ሐኪሙ የነገሯችሁ ማዛወር ነው። እንጨት ስትፈልጪ መጥረቢያውን ወደ ታች የሚያወርድልሽ፣ ከጀርባ ተነሥቶ በብብት ሥር አልፎ ክንድ ላይ የሚታሰር ሰፊ ጡንቻ አለ። እርሱና አጠገቡ ያለው ታናሽ ጓደኛው ክንድን ወደ ውስጥ ከሚያዞሩት ወገን ናቸው። ሐኪሙ የታሰሩበትን ጫፍ ፈትቶ ወደ ኋላና ወደ ውጭ በኩል ያስረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሲኮማተሩ ክንዱን ወደ ውጭ ያዞራሉ። ከጎበዙ ወገን አንድ በሬ ፈትቶ ከከሲታው ጎን መጥመድ ማለት ነው። ሁለቱ ሥራዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አብረው ይሠራሉ።

ሦስተኛው ባለቤትሽ በመረጠው ዕድሜ የሚጠብቀው ነው። ልጁ ካደገና ጎድጓዳው ከተበላሸ በኋላ ጅማት ማዛወር ብዙ አይጠቅምም፤ ክቡ የሚሽከረከርበት ቦታ የለውማ። ያኔ የሚደረገው የላይኛውን የክንድ አጥንት ቆርጦ፣ ወደ ውጭ አዙሮ በብረትና በብሎን ማሰር ነው። ይህ ደህና ሥራ ነው፤ ብዙ ትልልቅ ልጆች ተጠቅመውበታል፤ እጃቸው ወደ አፋቸው ይደርሳል። መጋጠሚያውን ግን አያድነውም፤ የተጣመመውን በር ትቶ መቃኑን እንደ ማዞር ነው። ስለዚህ የባለቤትሽ ሐሳብ ልጁን ከቢላ አያድነውም። ቢላው ከጅማት ወደ አጥንት ይሄዳል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

«መለማመጃ» ስላለው ነገርም አንድ ቃል ልጨምር። ለዚህ ትከሻ ጅማት የማዛወርን ዘዴ አሜሪካዊው ሐኪም ሌፒስኮፖ የጻፈው በ1934 እ.ኤ.አ. ነው። ጣልያን ኢትዮጵያን ከመውረሩ በፊት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ መንገድ ተሻሽሏል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው። መጠየቅ ያለበት ሥራው አዲስ መሆን አለመሆኑ ሳይሆን የሚሠራው ሐኪም እጅ መልመዱ ነው። «እንዲህ ያለ ትከሻ ስንት ልጆች ላይ ሠርተዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። በእኛ አገር ሐኪም ይከበራል እንጂ አይጠየቅም የሚል ልማድ አለ፤ እኔ ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ ሲቆጣ አይቼ አላውቅም። መልሱ ካላረካችሁ ሪፈር ጠይቃችሁ አዲስ አበባ ሁለተኛ ሐሳብ መስማት መብታችሁ ነው። ጥቁር አንበሳ አለ፤ የልጆችን አጥንትና መጋጠሚያ የሚያክመው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም አለ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ ካላችሁ ሪፈሩን ደረጃውን ጠብቃችሁ አስጽፉ፤ ወረቀት ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው ወደ ኪሳችሁ ይዞራል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማይነግርሽ ነገር ልምጣ። «ይድናል ወይ?» ብለሽ ባትጽፊም በመስመሮችሽ መካከል አንብቤዋለሁ። ቀዶ ሕክምናው አዲስ ክንድ አይሰጠውም። የተጎዳው ነርቭ አንገቱ ላይ እንደተጎዳ ይኖራል፤ ክንዱ ከግራው ጥቂት አጠር፣ ቀጠን ብሎ ያድጋል፤ ክርኑም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋ ይሆናል። የሚገኘው ነገር ክንዱን ወደ ጎንና ወደ ላይ ማንሣት፣ እጅን ወደ ውጭ ማዞር ነው። ይህ ደግሞ በነጻ አይገኝም። ወደ ውጭ የሰጡትን ያህል ከውስጥ በኩል የሚቀንስ ነገር አለ።

ማማተብን አስቢ። በስመ አብ ብሎ እጁን ግንባሩ ላይ ያሳርፋል፤ ለዚህ ክንዱ መነሣትና ወደ ውጭ መዞር አለበት፤ ዛሬ ያቃተው ይህ ነው። ወወልድ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለዚህ ክንዱ ወደ ውስጥ መዞር አለበት፤ ይህን ዛሬ ያለ ችግር ይችለዋል። ከዚያ ወደ ግራ ትከሻው ይሻገራል፤ ይህም የውስጥ ሥራ ነው። ጅማቱ ከመጠን በላይ ከተላቀቀ ልጁ ግንባሩን አግኝቶ እንብርቱን ሊያጣ ይችላል። ሐኪሞች ይህን የሚለኩበት ሰንጠረዥ አላቸው፤ ማሌ የሚባል ፈረንሳዊ በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ልጁ ክንዱን ወደ ጎን ሲያነሣ፣ ወደ ውጭ ሲያዞር፣ እጁን ወደ ማጅራቱ፣ ወደ ጀርባው፣ ወደ አፉ ሲያደርስ እያዩ ነጥብ ይሰጣሉ። በኋላ የመጡት ሐኪሞች እንብርት መንካትን ጨመሩበት። ሰውየው ጎጃም ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ልጁን አንድ ጊዜ አማትብ ብሎት አብዛኛውን ነጥብ በዚያው በጻፈ ነበር።

ከዓመታት በፊት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ እኔ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመቷ። ክንዷ በሚያምር ሁኔታ ይነሣል፤ ፀጉሯን በሁለት እጇ ታበጥራለች። እናቷ ግን እያለቀሰች ነበር። ልጅቷ መቀነቷን ማሰር አልቻለችም፤ ቀኝ እጇ ከሆዷ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ይቆማል። ሽንት ቤት ስትሄድ በግራዋ ብቻ ነው የምትገለገለው። ሐኪሟ ሥራውን አላበላሸም። ማንም ግን ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ አልነገራቸውም፤ እነርሱም አልጠየቁም። በወራት ልምምድ ጥቂት ተመለሰላት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልሆነም። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ ይህን በወረቀት ጻፊው፤ «እጁ ወደ እንብርቱና ወደ ጀርባው መድረሱ ምን ይሆናል? ለዚህስ ምን ታስቦለታል?» ጥሩ ሐኪም ምን ያህል እንደሚያላቅቅ የሚመዝነው ይህን እያሰበ ነው። ከሰመመኑ፣ ከቁስል ማመርቀዙና ከመጋጠሚያው መድረቅ ጋር ተያይዞ ስላለው አደጋም ይንገሩሽ፤ የሁሉም ቀዶ ሕክምና ዕዳ ነው።

ስለ ወጌሻው አጭር ነው፤ አይሆንም። አማትሽን እንዳትቆጫቸው፤ ምክንያቱን ንገሪያቸው። ወጌሻ የሚመልሰው ዛሬ ወልቆ የወጣበት ቦታ ባዶውን የሚጠብቀውን መጋጠሚያ ነው። የዚህ ልጅ ትከሻ በአንድ ቀን አልወለቀም። በሦስት ዓመት ውስጥ እያዘገመ የሄደ ነው፤ መግቢያው ራሱ ተለውጦ ይሆናል። በጉልበት ሲሳብ ወይ ክቡ ይበልጥ ወደ ኋላ ይወጣል፣ ወይ ቀጭኑ የክንድ አጥንት ይሰበራል። ሁለቱንም ባይኔ አይቻለሁ። እጃቸው ሥራ ከፈለገ ግን ሥራ አለ። ክንዱን በቅቤ ማሸት ገላውን ያሞቀዋል፤ ከዚያ በኋላ አንቺ ጠፍጣፋውን የትከሻ አጥንት በመዳፍሽ ይዘሽ፣ ያን በር መሰል መክፈቻ ጠዋትና ማታ፣ ልጁ ሳያለቅስ፣ ቀስ ብለሽ ትሠሪለታለሽ። ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ያለውን ይዞ ለመቆየት ይህ ያስፈልጋል። ጠበሉንም ይጠጣ፤ ጀሶ ከታሰረለት በኋላ ግን ክንዱ ላይ እንዳይፈሰስ አደራ። የራሰ ጀሶ ይላሽቃል፤ ይህን የምለው ሳቅ ለማስመጣት አይደለም፤ እኔው ራሴ አንዱን በመጋዝ ቆርጬ እንደገና አሳስሬያለሁ።

አያቱንም «በግራው ይብላ» በሏቸው። ቀኙ ጎርሶ ማጉረስ የማይችል ልጅን በቀኝህ ብላ ማለት አንካሳን በሩጫ ቅደም ማለት ነው። ሕፃን ከቁጣ የተነሣ የታመመውን እጁን መደበቅ ይማራል፤ የተደበቀ እጅ ደግሞ ጨርሶ ይሰንፋል። እንጀራው በግራ ይቆረስ፤ ቀኙ ሳህኑን ይያዝ። ቀኙ እንዲነሣ ከፈለጋችሁ በጨዋታ ይሁን፤ ግድግዳ በጭቃ ይለቅልቅ፣ ከፍ ካለ ቦታ በቆሎ ያውርድ።

ጥፋቱ የማን ነው ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ቢሆንም አንድ ሌሊት ራስሽን አትጠይቂም ብዬ አላምንም። ይህ ጉዳት ከሺህ ሕፃናት ከአንድ እስከ ሦስት በሚሆኑት ላይ በዓለም ሁሉ ይደርሳል፤ በሠለጠነ እጅ በተወለዱትም፣ አልፎ አልፎ በኦፕራሲዮን በወጡትም ጭምር። አንቺ አላጠፋሽበትም፣ ዓይንም አልበላውም። አንድ የሚቆጨኝ ነገር ግን አለ፤ ሌላ እናት ታነበው ይሆናልና እጽፈዋለሁ። «በራሱ ይመለሳል» የሚለው ቃል ለአብዛኞቹ ሕፃናት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሕፃኑ ሦስት ወር ሞልቶት ክርኑን ማጠፍ ካልጀመረ፣ ወይም ጣቶቹ ዝለው በዚያው ወገን የዓይኑ ቆብ ከወረደ፣ ቶሎ የነርቭ ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ሐኪም ማየት አለበት። በዚያ ዕድሜ የተበጠሰውን ነርቭ ከባት በተወሰደ ሌላ ነርቭ መቀጠል ይቻላል። አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ጡንቻው ነርቭ ቢመጣለትም አይቀበልም። ለልጅሽ ያ ጊዜ አልፏል፤ ሌሎቹ በሮች ግን ክፍት ናቸው።

ጊዜውን እንቁጠር። ጉዳዩ የሳምንታት ጥድፊያ የለበትም፤ ዓመታት ግን አይሰጥም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክንዱ ወደ ጎን ተነሥቶ፣ ወደ ውጭ ዞሮ፣ ከደረቱ ጋር አብሮ በጀሶ ይታሰራል፤ መሐላ የሚፈጽም ምስክር ይመስላል። እንዲህ ሆኖ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ጀሶው ሲፈታ ለተወሰኑ ወራት ሌሊት ሌሊት መደገፊያ ያደርጋል፤ ልምምዱ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። የተዛወረው ጡንቻ አዲሱን ሥራውን አያውቀውም፤ ክንድህን ክፈት ሲሉት ወደ ታች መጫን ይቃጣዋል። ማስተማሩ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቀዶ ሕክምናው ግማሽ መንገድ ነው የምንለው ለዚህ ነው። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ በእኔ ልምምድ ሲሰለች ቆይቶ ለቡሄ ጅራፍ ገመዱለት። ከራሱ በላይ አዙሮ ለማጮህ ሲል እኔ በአምስት ወር ያላገኘሁትን በአንድ ነሐሴ አገኘው።

አንቺ በሚያዝያ ግድም ትወልጃለሽ። መኸሩ ከገባ በኋላ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር ቀጠሮ ቢገኝ ጀሶው በየካቲት ይፈታል፤ አንቺም ሳትከብጂ ልምምዱ ይያያዛል። ቀጠሮ እኛ በቆረጥነው ቀን እንደማይመጣ፣ መንገዱም አንዳንዴ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ካልሆነ ከወለድሽ በኋላ፣ ሕፃኑ ሲጠና ይሁን፤ በዚህ መካከል የሚጠፋው ወራት እንጂ ዓመታት አይሆንም። ጀሶ የታሰረ የአራት ዓመት ልጅ ተሸክሞ ሽንት ቤት ማድረስ ለነፍሰ ጡር አይመከርምና አማትሽን ከወጌሻው አስተሳሰብ አውጥተሽ ለዚህ ሥራ አስቀድመሽ ለምኛቸው። እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

ስለ ጽንሱ፦ ለክትትል በሄድሽ ቁጥር «የፊተኛው ልጄ ትከሻው ተይዞ ክንዱ ሽባ ሆኗል» ብለሽ ተናገሪ፤ ካርድሽ ላይም ይጻፍ። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር የመደገም ዕድሉ ከሌላው እናት ከፍ ያለ ነው። የስኳር ምርመራ አድርጊ፤ ስኳር ያለባት እናት ልጅ ስለሚገዝፍ። የምትወልጂውም ቀዶ ሕክምና መሥራት በሚችል ሆስፒታል ይሁን፤ በምጥ ትውለጂ ወይስ በኦፕራሲዮን የሚለውን እዚያ ካሉት ሐኪሞች ጋር ቀኑ ሳይደርስ ተነጋገሩበት። መንገዱ ሩቅ ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በእናቶች ማቆያ ብታሳልፊ ሌሊት ቃሬዛ ከመፈለግ ያድናል።

ልጁንም አትዋሹት። ከረሜላ ልንገዛልህ ነው ተብሎ የሄደ ልጅ ከሰመመን ሲነቃ ክንዱ ታስሮ ካገኘው እናቱን ለወራት አያምናትም፤ እኔንም አያስነካኝም። «ሐኪሙ ያስተኛሃል፣ ስትነቃ ክንድህ ነጭ ልብስ ለብሶ ታገኘዋለህ፣ ትንሽ ያምሃል፣ እኔ እዚያው ነኝ» በሉት። ለአራት ዓመት ልጅ ይህ በቂ ነው፤ አባቱም የፈለገው «በገዛ አፉ» በመጠኑ ይፈጸማል። ከጉዞው በፊት ጉንፋን ወይም ሳል ከያዘው ደውላችሁ ተናገሩ፤ ሰመመኑ ስለሚያስጋ ቀጠሮው ይራዘማል።

ለመልስ ጉዞ ደግሞ ሰፊ የአባቱን ሸሚዝ ያዢ፤ በቀኝ በኩል ከእጅጌው እስከ ጎኑ ስፌቱን ፈትተሽ ማሰሪያ ስፊበት፤ ሌላ ልብስ አይገባለትም። አውቶቡስ ላይ በስተቀኝ ካለው ረድፍ ሁለት ወንበር ግዙ። አንቺ በመተላለፊያው በኩል ተቀምጠሽ ልጁን ታቀፊው፤ የታሰረ ክንዱ በመስኮቱ በኩል ባለው ባዶ ወንበር ላይ ይዘርጋ። ረዳቱ ባዶ ወንበር አየሁ ብሎ ሰው ሊያስቀምጥ ይመጣል፤ ሁለቱንም ትኬቶች በእጅሽ ያዢ።